የመስቀል ወፍ ቀነሰ ወይስ ጊዜው ተዛባ? ሙቀቱና ወቅት ጠባቂ ወፎቻችን

የሱሉልታው

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ሲያብሰለስለኝ የከረመ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የአገራችን ወፍ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአውሮፓ፣ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ የሚመጡት መግባት ይጀምራሉ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዳው ይሞላል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲሆን ነቅለው ይሄዳሉ። እዚሁ የሚኖሩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሚራቡት ዝናብ ጠብቀው ነው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ 200 ያህሉ ከሰሜን የሚመጡ ተጓዦች ናቸው። ስለዚህ ጥር ላይ የቆጠረ ሰውና ሐምሌ ላይ የቆጠረ ሰው የያዙት ዝርዝር አይገናኝም።

ይህ ሁሉ ቀጠሮ የተያዘው ከአየሩ ጋር ነው። አየሩ ሲለወጥስ? በአገራችን ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ አማካይ ሙቀቱ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እናንተም እንደዚያው ብታደርጉ አንደናገርም። ቁጥሩ ለሰው ጆሮ ትንሽ ነው። 15 ግራም ለምትመዝን ፍጡር ግን እንዴት ነው?

አንዳንዱ ሰው "ወፍ እኮ ክንፍ አለው፤ ከሞቀው ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል" ይላል። ይህ መልስ አያረካኝም። ሱሉልታ ላይ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ እየጠበበ ነው። የሚመጣው ወፍ የት ይረፍ? በአካባቢያችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ። "መሰለኝ" ከማለት ቦታና ወር ብትጠቅሱ ደስ ይለኛል።

ዋገኒንገን

የሱሉልታው፣ እኔ የምኖረው ኔዘርላንድ ነው። እዚህ ነገሩ በደንብ ተጠንቷል። "ክንፍ አለው" ለሚሉት ጥሩ ምላሽ የሚሆን ታሪክ ልንገርህ።

ፓይድ ፍላይካቸር የምትባል ጥቁርና ነጭ ትንሽ ወፍ አለች። ብርዱን ምዕራብ አፍሪካ ታሳልፈዋለች። ሚያዝያ ላይ እዚህ መጥታ ጫካ ውስጥ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቿን የምታሳድገው በአባጨጓሬ ነው። አባጨጓሬ ደግሞ የኦክ ዛፍ ቅጠል ለጋ ሳለ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ይበዛል። ጸደዩ እየሞቀ ሲመጣ ቅጠሉ ቶሎ ማቆጥቆጥ ጀመረ። አባጨጓሬውም ቶሎ ደረሰ። ወፏ ግን አፍሪካ ተቀምጣ ይህን በምን ትወቅ? የምትነሳው በውስጧ ባለው የዓመት ሰዓትና በቀኑ ርዝመት ነው። ስትደርስ ድግሱ አልፏል። በ2006 የታተመ ጥናት አባጨጓሬው በጣም በቀደመባቸው ጫካዎች የዚህች ወፍ ቁጥር በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 90 በመቶ ያህል መውረዱን አሳይቷል። አባጨጓሬው ዘግይቶ በሚደርስባቸው ጫካዎች ግን ቅነሳው ትንሽ ነበር።

ከአገር የማይወጡት ወፎች የተሻለ ዕድል አላቸው። እንግሊዝ ውስጥ ኦክስፎርድ አጠገብ ዋይተም በሚባል ጫካ ከ1947 ጀምሮ ግሬት ቲት የምትባለውን ወፍ ይከታተሏታል። እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ከ1960ዎቹ ወዲህ ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሟል። እሷ ጸደዩን እዚያው ሆና ታየዋለች። ተጓዧ ግን አታየውም።

የእኛው ቢጫ ወፍስ? ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከብት እግር ሥር የምትሯሯጠውን፣ ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምታወዛውዘውን ማለቴ ነው። ቢጫ ዋግቴል ትባላለች። ላሟ ስትራመድ ከሣሩ ብድግ የሚሉትን ነፍሳት ቀልባ ትበላለች። የምትራባው ግን ከአውሮፓ እስከ ሩሲያ ባለው ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሳይቤሪያ በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ መቅለጡን እኛ ጋ ሆና የምታውቅበት መንገድ የለም። ክንፍ ቦታ ያስመርጣል እንጂ ያለፈ ሳምንት አይመልስም።

ቀበና

ወንድሜ ዋገኒንገን፣ የነገርከን የአውሮፓን ነው። እኛ ጋ ሙቀቱ ገና ሥራውን ሳይጀምር ሰው ጨርሶታል።

ሐረማያ ሐይቅን ያስታወሰ አለ? በወፍ የታወቀ ሐይቅ ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ። ያደረቀው በዋናነት ፓምፕ ነው። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ተሳበ፣ ለከተማ መጠጥ ተሳበ፣ አለቀ። አቢያታ ሐይቅንም እዩት። ውሃ የሚያገኘው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ነው። ከላይ መስኖ ወሰደው፣ ከራሱ ከሐይቁ ደግሞ ሶዳ አሽ የሚባለውን ኬሚካል ለማምረት ተቀዳ። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ያሉ ደሴቶች ላይ ይፈለፍሉ ነበር። የሚበሉትን ዓሣ ግን የሚያመጡት ከአቢያታ ነበር። አቢያታ ሲያንስና ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ። ዓሣው ሲያልቅ ፔሊካኖቹ ጥለው ሄዱ። እዚህ ውስጥ የአየር ንብረት ለውጥ ድርሻው ስንት ነው?

ሁሉን በሙቀት ማላከክ ለአጥፊው መደበቂያ እንዳይሆን እፈራለሁ። የሱሉልታ ሜዳ ላይ ቤትና መጋዘን የሠራው ካርቦን አይደለም።

የሱሉልታው

ቀበና፣ የሱሉልታውን እኔም በዓይኔ እያየሁት ነው፤ አልክድህም። ግን ሁለቱ ነገሮች የሚነጣጠሉ አይመስለኝም። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ውሃ ሲቀነስበት ፀሐዩ የቀረውን ቶሎ ያተነዋል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ገበሬው መስኖ ይጨምራል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ነው የሚሄደው።

የያቤሎው መምህር

የቀበናው ወንድማችን ያለው ትክክል ነው። ግን እስቲ ወደ ደቡብ ውረዱ። ሙቀት ብቻውን አጥር የሠራለት ወፍ እኛ ጋ አለ።

የያቤሎ ቁራ ማለቴ ነው። ሳይንስ የመዘገበው በ1938 ነው። በዓለም ላይ የሚገኘው ያቤሎ፣ ሜጋና አሬሮ ዙሪያ ብቻ ነው። ሰውነቱ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ክንፉና ጭራው ጥቁር ነው። ዓይኑ ዙሪያ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ አለው። ግራር ጫፍ ላይ በእሾሃማ ጭራሮ ትልቅ ክብ ጎጆ ይሠራል። ጫጩቶቹን የሚመግቡት እናትና አባት ብቻ አይደሉም፤ ሌሎችም ያግዟቸዋል።

ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመት ግራ ያጋባው ነገር ይህ ነው። ወፉ ከሚገኝበት ክልል ጥቂት ኪሎ ሜትር ውጣ። ያው ግራር፣ ያው ቀይ አፈር፣ ያው የቦረና ከብት ነው። ወፉ ግን የለም። በ2012 የወጣ ጥናት መልሱን አገኘ። የሚኖርበት መሬት ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው። አጥሩ የሙቀት ነው፤ በዓይን አይታይም።

ረፋድ 3 ሰዓት ላይ በረት አካባቢ ብትሄድ ኩበት እየገለበጠ ትልና ጥንዚዛ ሲለቅም ታገኘዋለህ። ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ተመለስ። ግራር ጥላ ሥር ሆኖ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ክንፉን ከጎኑ ራቅ ያደርጋል። እዚያው አጠገቡ ሱፐርብ ስታርሊንግ የሚባሉት ሰማያዊና ብርቱካናማ ወፎች ፀሐዩ ላይ መልቀማቸውን አላቆሙም። ተመራማሪዎችም ይህንኑ ለክተው አይተውታል። ቁራው ከጎረቤቶቹ ባነሰ ሙቀት ማለክለክ ይጀምራል። ማለክለኩ በራሱ አይገድለውም። ችግሩ በዚያ ሰዓት አለመብላቱ ነው። የሚያለከልክበት ሰዓት በረዘመ ቁጥር ለጫጩቶቹ የሚያደርሰው ይቀንሳል።

እዚሁ አካባቢ ብቻ የምትገኝ ጅራተ ነጭ ስዋሎው የምትባል ትንሽ ወፍም አለች። በ2021 የወጣ ጥናት እስከ 2070 የያቤሎ ቁራ ከሚስማማው መሬት 90 በመቶውን፣ ስዋሎዋ ደግሞ 68 በመቶውን ሊያጡ እንደሚችሉ አስልቷል። "ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልግ" የሚል ሰው ካለ መጥቶ ካርታውን ይመልከት። ዙሪያው ቆላ ነው። ቆላውን አቋርጦ ወደ ሌላ ደጋ መሄድ ለዚህ ወፍ ቀላል አይደለም።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ነበር። የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከብት ሲያልቅ ኩበት የለም። ኩበት ሲጠፋ ወፉ ምን ይገልብጥ? ሰዉ ከብቱን አጥቶ ስለ ወፍ ማውራት ይከብዳል፤ እኔም ተማሪዎቼ ፊት ይከብደኛል። ግን የቦረና ኑሮና የዚህ ወፍ ኑሮ አንድ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው።

ሰናይት

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለዚህ ወፍ ምንም አላውቅም ነበር። መንግሥት እዚያ ጥብቅ ቦታ የለውም እንዴ?

የያቤሎው መምህር

አለ እህቴ፣ የያቤሎ የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። ግን አጥር ከሰው ያድን ይሆናል እንጂ ከሙቀት አያድንም። የሚረዳው ሌላ ነገር ነው። ሜዳው በቁጥቋጦ እንዳይዋጥ ማድረግ፣ ትልልቆቹን ግራሮች አለመቁረጥ። ድሮ ቦረና ሜዳውን በእሳት ያጸዳ ነበር። እሱ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሣሩን በልቶታል። ወፉ ደግሞ የሚፈልገው ክፍት ሜዳና ጥላ ጎን ለጎን ነው።

አፉላ

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ከእስራኤል ነኝ። ክሬን ስለሚባሉት እግራቸውና አንገታቸው ረጅም የሆነ ትልልቅ ተጓዥ ወፎች የማውቀውን ልጨምር።

በሰሜን በኩል ሁላ የሚባል ሸለቆ አለ። በ1950ዎቹ ረግረጉን አድርቀው እርሻ አደረጉት። በ1994 የተወሰነውን ክፍል መልሰው ውሃ ሞሉበት። ከዚያ ወዲህ ግራጫዎቹ ክሬኖች በብዛት ይወርዱበት ጀመር። ድሮ አብዛኞቹ አልፈው ወደ አፍሪካ ይቀጥሉ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያም ጭምር። አሁን ከ30,000 በላይ የሚሆኑት ብርዱን እዚያው ያሳልፋሉ። ማታ ውሃው ውስጥ ቆመው ለማደር ሲሰባሰቡ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። አገሬ ሰማይ ላይ መሆን የነበረባቸው ወፎች ናቸው ብዬ ሳስብ ደስታም ቅሬታም ይሰማኛል።

ምክንያቱ ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ገበሬው ኦቾሎኒ ያመርታል፣ ክሬኖቹ የቀረውን ይለቅማሉ። የተዘራውን እንዳያጠፉ ደግሞ በትራክተር በቆሎ ይበተንላቸዋል። ብርዱ ለዘብ ካለና ምግብ ካለ ለምን በሺህ የሚቆጠር ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ይብረሩ? ጀርመንና ፈረንሳይም ቢሆን ክረምቱ ለስለስ ሲል ብዙ ክሬን እዚያው ይከርማል።

መሰባሰቡ ግን ዋጋ አለው። በ2021 መጨረሻ ሁላ ላይ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5,000 በላይ ክሬን ሞተ። ሬሳቸውን ከውሃው ውስጥ ሲያወጡ በቴሌቪዥን አይቼ አልቅሻለሁ። በብዙ ቦታ ተበትነው ቢሆን ኖሮ በሽታው እንዲህ አይፈጃቸውም ነበር።

ባሕር ዳር

አፉላ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እኔ ያለሁት ጣና ዳር ነው። ክሬኖቹ እዚህም በብዛት ይከርማሉ። ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ይገባሉ። ቀን ማሳ ላይ ከአጨዳ የቀረውን እህል ይለቅማሉ። ማታ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ቀበሮና ጅብ እንዳይደርስባቸው ነው።

የሚያሳስበኝ ይህ የማደሪያ ውሃ ነው። ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ገብቷል። እምቦጭ የሚወደው ዳር ዳሩን፣ ዝቅ ያለውን ውሃ ነው። ክሬኑም የሚያድረው እዚያው ላይ ነው። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል፤ እምቦጩ ግን ምዝገባ አያውቅም። ውሃው ሲሞቅ አረሙም ይፋጠናል። እዚህ ከከበዳቸውና ሁላ ላይ ከተመቻቸው ምርጫቸው ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ቀበና እንደሚለው ሰውም አለበት፣ ማዳበሪያውና ፍሳሹ አረሙን ይቀልበዋል። ሙቀቱም አለበት።

ሺካጎ

ከአሜሪካ ሰላምታ። ወፎቹ ቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን መጠናቸውም እየተለወጠ መሆኑን የሰማችሁ አላችሁ?

እዚህ በሐይቁ ዳር ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ አለ። በጉዞ ወቅት ሌሊት የሚያልፉ ወፎች መስታወቱን እየመቱ ይሞታሉ። የፊልድ ሙዚየሙ ዴቪድ ዊላርድ ከ1978 ጀምሮ ማለዳ እየሄደ የሞቱትን ይሰበስብ ነበር። እያንዳንዷን በእጁ ለካ። እስከ 2016 ድረስ 70,716 ወፎች፣ 52 ዝርያዎች ተለኩ። ውጤቱ በ2019 መጨረሻ ሲወጣ የእግራቸው አጥንት በ2.4 በመቶ አጥሯል፤ ክንፋቸው ደግሞ በ1.3 በመቶ ረዝሟል። ሰውነት ሲያንስ ሙቀት ቶሎ ይወጣል። ክንፉ የረዘመው ምናልባት ባነሰ ሰውነት ያንኑ ረጅም መንገድ ለመብረር ነው ይላሉ።

በጣም የሚገርመኝ የሰውየው ትዕግሥት ነው። ሲጀምር ስለ አየር ንብረት አላሰበም። ለካ፣ መዘገበ፣ ቀጠለ።

የሸዋሮቢቱ ገበሬ

ሁላችሁም ስለሚጠፋው ወፍ ነው የምታወሩት። እኛን የሚፈጀንን ማን ያንሳው? ግሪሳ!

ማሽላው ወተት ሲይዝ ይመጣል። እንደ ደመና ወርዶ ያርፋል። ልጆች ማማ ላይ ቁመው ወንጭፍ ሲወነጭፉ፣ ጅራፍ ሲያጮሁ ይውላሉ። ትምህርት ቤት የለም በዚያ ሰሞን። ዝናቡ ሲዘባረቅ የግሪሳውም መምጫ ይዘባረቃል። ድሮ አባቶቻችን መቼ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። አሁን አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይመጣም፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ሳንዘጋጅ ከላያችን ላይ ነው። ይሄስ ከሙቀቱ ጋር ይያያዛል ወይ?

የሥነ ሕይወት ተማሪ

ጋሼ፣ የእርስዎ ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ነው። ግሪሳ የሚከተለው ዝናብን ነው።

የሚበላው በዋናነት የዱር ሣር ዘር ነው። በበጋ መሬት ላይ የወደቀውን ዘር ይለቅማል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ዘሩ ይበቅላል። በቀናት ውስጥ ምግቡ መሬት ውስጥ ሣር ሆኖ ይቀራል። ያኔ ግሪሳው ተነሥቶ ዝናቡ ቀድሞ ወደ ጣለበት፣ ሣሩም ዘር ወደ ያዘበት አካባቢ ይሄዳል። እዚያ እሾሃማ ግራር ላይ በብዙ ሺህና በሚሊዮን ሆኖ ይፈለፍላል። የዱር ሣሩ ካነሰ ግን ማሳው ላይ ነው የሚወርደው። አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል ይበላል ቢባል አንድ ሚሊዮን ወፍ በቀን 100 ኩንታል መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዝናቡ ሲዘባረቅ የእሱም መንገድ ይዘባረቃል። እርስዎ ማሳ ላይ ያዩት ከዚህ ጋር ይሄዳል። በአውሮፕላን የሚረጨው መድኃኒት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የተመረዘ ግሪሳ የበላ ጭልፊትና ንስር አብሮ ይሞታል። እነሱ ከሰሜን መጥተው እኛ ጋ የሚከርሙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሰናይት

ርእሱ ላይ የመስቀል ወፍ ተብሎ እስካሁን ማንም አላነሳውም። እኔ የመጣሁት ለእሱ ነው። እናቴ ቤት ሰበታ ነው። በልጅነቴ መስከረም ላይ አጥሩ ሁሉ በቀዩ ወፍ ይሞላ ነበር። አሁን ብቅ የሚለው አንድ ሁለት ነው። የት ነው የሚሄዱት?

የሥነ ሕይወት ተማሪ

የትም አይሄዱም እህቴ። ብዙ ሰው ተጓዥ ይመስሉታል። የመስቀል ወፍ የሚባሉት ከአንድ በላይ ዝርያ ናቸው። አንቺ ያየሽው ቀይና ጥቁሩ ቀይ ቢሾፕ የሚባለው ይመስለኛል። ጭራው ረጅም፣ ነጭና ጥቁር የሆነውም አለ፤ እሱ እንቁላሉን በሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ይጥላል። ቢጫዎቹም አሉ።

ቀዩ ወንድ በበጋ ቡናማ ነው፣ ከሴቷም ከድንቢጥም አይለይም። ከመንጋ ጋር ማሳ ላይ ዘር ሲለቅም አጠገቡ አልፈሽ ትሄጃለሽ። ዝናቡ ሲገባ ላባውን ይለውጣል። መስከረም ላይ በድምቀቱ ጫፍ ላይ ይሆናል። ላባውን አበጥ አድርጎ ከሣር ወደ ሣር ዝቅ ብሎ ሲበር የምናየው ያኔ ነው። ጎጆውን የሚሠራው በረጅም ሣርና በደንገል መሃል ነው። ለመጠላለፍ እርጥብ ሣር ያስፈልገዋል፤ ደረቅ ሣር ይሰበርበታል።

እንግዲህ ዝናቡ ሐምሌ ላይ ከዘገየ ሁሉ ነገር ይዘገያል። መስከረም ላይ ቶሎ ከቆረጠ ደግሞ ጫጩቶቹ ከጎጆ ሳይወጡ ሣሩ ይደርቃል። ሙቀቱ ከዝናቡ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሰበታ ላይ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ረጅም ሣር ያለበት ረግረግ ቀርቷል ወይ? የቀበና ክርክር እዚህ ላይ ይሠራል።

ሰናይት

አልቀረም። ሁሉም ግንብና ፋብሪካ ሆኗል።

ዋገኒንገን

ስለ ድርቅ ሲነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በ1969 ጸደይ እንግሊዝ ውስጥ ኋይትትሮት የምትባለው ወፍ ካለፈው ዓመት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሳይመለስ ቀረ። እዚያ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። የተለወጠው ሳህል ነበር፤ በረሃውን ከማቋረጧ በፊት የምትሰነብትበት መሬት በድርቅ ተመቷል። አውሮፓ ያሉ ሰዎች አፍሪካ ላይ የሚዘንበውን ዝናብ መከታተል የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። አሁንም በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ለሚያልፉት ተጓዥ ወፎች የእኛ በልግና ክረምት እንደዚያው ወሳኝ ነው።

የባሌው

እኔ ከጎባ ነኝ። ደጋውንም አትርሱ።

በተራራ ላይ በ1,000 ሜትር ወደ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አንድ ዲግሪ ሲሞቅ ወፉ ያንኑ አየር ለማግኘት 150 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት ማለት ነው። እስከ የት ይወጣል? የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። ፔሩ ውስጥ አንድ ተራራ ላይ በ1985 የተቆጠረውን በ2017 መልሰው ሲቆጥሩት ወፎቹ ሽቅብ ተገፍተዋል፤ ጫፉ አካባቢ የነበሩ አንዳንዶቹም ጠፍተዋል።

ባሌ ውስጥ ሳነቲ አምባ ላይ ያሉትን አስቡ። ደረቷ ነጠብጣብ የሆነችው ፕሎቨር ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የለችም። ክረምት ላይ እዚህ የሚፈለፍለው ዋትልድ ክሬን አለ። ቀይ መንቁር ያለው ቁራ፣ ቻፍ የሚባለው፣ ከሰሃራ በታች ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው የቀረው። ገብሱም ሽቅብ እየወጣ ነው፤ ከብቱም እንደዚያው። ወፉ ከታች በሙቀት፣ ከመሃል በማረሻ ተይዟል።

ቀበና

የያቤሎው መምህርና የባሌው ያመጡት ነገር ከባድ ነው። ለእነዚያ ወፎች ሙቀቱ ዋናው ጠላት መሆኑን እቀበላለሁ። ለረግረግ ወፎች ግን አሁንም የምለው ያው ነው፤ ዛሬ ልናድነው የምንችለውን ዛሬ እናድን።

በርጋን ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሆለታ አለፍ ብሎ ያለ ረግረግ ነው። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የምትባለው በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ የሆነች ወፍ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እዚያ ትፈለፍላለች። ሣሩ ከበዛ ግጦሽና ካለጊዜው አጨዳ ከተረፈ ትፈለፍላለች፣ ካልተረፈ የለችም። የአካባቢው ሰው ራሱ ቡድን አቋቁሞ ከብቱን በዚያ ሰሞን ከረግረጉ እንዲያርቅ ተሠርቷል። ለዚህ የዓለም ስብሰባ መጠበቅ አላስፈለገም። ሣሩን በሁለት ወር የሚያስከብር ሽማግሌ ነው ያስፈለገው።

የሱሉልታው

ይህን ያህል አልጠበቅኩም ነበር፣ ተባረኩ። አሁን ሥራ እናውጣ። የሺካጎው ያነሳው ሰውዬ ልቤን ነክቶታል። እኛ ጋ የጎደለው ይህ ነው፤ በየዓመቱ ያው ቦታ ላይ ቆሞ የሚመዘግብ ሰው። ተማሪው፣ ከየት ነው የሚጀመረው?

የሥነ ሕይወት ተማሪ

በየዓመቱ ጥር ላይ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ። ከ1966 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ይታወቃል፤ አዲስ አበባ ያላችሁ እዚያ ጠይቁ። በራሳችሁ ለመጀመር ደግሞ ኢበርድ የሚባለው መተግበሪያ በነጻ ነው። አንድ ቦታ ምረጡ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ጥሩ ነው። ያያችሁትን ብቻ ሳይሆን ያላያችሁትንም መዝግቡ፣ እኩል ዋጋ አለው፤ "ዛሬ አልመጣም" የሚለው መዝገብ ከሌለ መቼ እንደመጣ አይታወቅም። ዘንድሮ አንድ ቦታ፣ ከርሞ ሌላ ቦታ መቁጠር ግን ለንጽጽር አይሆንም።

ባሕር ዳር

እኔ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ምሽት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር እወጣለሁ። የመጀመሪያው የክሬን መንጋ የገባበትን ቀን እዚሁ እጽፋለሁ። አፉላ፣ ሁላ ላይ መቼ እንደገቡና መቼ እንደወጡ ብትነግሪን ሁለቱን ጎን ለጎን እናያቸዋለን።

አፉላ

እሺ ወንድሜ። እዚህ ጥቅምት ላይ ይጀምራሉ፣ መጋቢት ላይ ይነሳሉ። የተበተነላቸውን በቆሎ መጠንና የብርዱን ሁኔታም አብሬ እጽፍልሃለሁ፤ አለበለዚያ ለምን እንደቆዩ አይገባንም።

የሸዋሮቢቱ ገበሬ

እኔ መተግበሪያውን አላውቅም። ግሪሳው የወረደበትንና የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበትን ቀን በደብተር እይዛለሁ። ልጄ እዚህ ይጽፍላችኋል።

ሰናይት

መነጽር የለኝም፣ ስልክ ካሜራ ብቻ ነው ያለኝ። ይበቃል? ሰበታ ላይ አንድ የቀረች የረግረግ ቁራጭ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አለች።

የሥነ ሕይወት ተማሪ

ይበቃል እህቴ። ከሰኔ ጀምረሽ ሂጂ፣ መስከረምን አትጠብቂ። ግማሹ ቡናማ ግማሹ ቀይ የሆነ ወንድ ካገኘሽ በተለይ እሱን አንሺው። ላባ መለወጥ የጀመረበትን ሳምንት የሚነግረን እሱ ነው። ከፎቶው ጋር ቀኑንና በዚያ ሳምንት ዘንቦ እንደሆነ አብረሽ ጻፊ።